ስንት ትራስ?

ወንድሜ ጎኑን ለምድር አይሰጥም ይባል ነበር። ቁስቋም ሰፈር ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የአቋቋም መምህር ነው፤ ማኅሌት ሲኖር ቆሞ ያድራል፤ ማኅሌት በሌለበት ቀንም ቤቱ ገብቶ እንደ ማናችንም ጋደም አይልም። መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ እንደተቀመጠ ያሸልባል። ስእለት ነው አሉ። ማን መጀመሪያ እንዳለው አላውቅም፤ እኔም ብዬ ይሆናል። በወንድሜ እኮራ ስለነበር ገበያ ስወርድ የሴቶቹ ወሬ ጆሮዬ እንዲደርስ ሆን ብዬ ቀስ እል ነበር።

ያሳደገኝ እሱ ነው። እናትና አባታችን ተከታትለው ሲሞቱ እኔ ገና ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከደጋ ቆሎ ተማሪነቱ ቁርጥማት ይዞት በቃሬዛ የተመለሰ ጎረምሳ። ጣሊያን ወጥቶ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ምን ልትሆን ነው ብለው ካህናቱ ሲያጉረመርሙ፣ «ደብዳቤ ትጽፍልኛለች» ብሎ ዘጋቸው። ደብዳቤ የሚላክለት ሰው ግን የትም አልነበረውም። በኋላም ነጭ ልብስ ለብሼ የነርስነት ትምህርት ስገባ ከሁሉ በላይ የተደሰተ እሱ ነው። እኔ አያ እለዋለሁ፤ ተማሪዎቹ የኔታ ይሉታል፤ ሰፈርተኛው ደግሞ ሲያገኘው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይስማል።

ትምህርቴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ፈረንጅ ሐኪም ጥናት ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ልጆች ጉሮሯቸውን ይታመማሉ፤ አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ ጉልበትና ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል፤ እኛ ቁርጥማት ብለን፣ አጥነንና ጸበል አጠጥተን፣ ሲሻላቸው ዳኑ እንላለን። እሱ ግን አልዳኑም ባይ ነው። ቁርጥማቱ ልባቸው ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፤ ዓመታት ቆይቶ ልባቸውን ያደክመዋል፤ ቶሎ ከተደረሰባቸው ግን በየወሩ በሚሰጥ መርፌ እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል ይላል። ስለዚህ ከጎንደር ደብሮች ጀምሮ እስከ ኮሶዬ ድረስ እየዞርን ሰዉን ልንጠይቅ ሆነ። ሐኪሙ አንድ ስለነበር የሁሉንም ሰው ልብ ማዳመጥ አይችልም። እኛ ተማሪዎች በቅጽ እንጠይቃለን፤ መልሱ የሚያጠራጥር ሰው ብቻ ወደ እሱ ይላካል።

ቅጹን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። ጥያቄዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ «ስትተኛ ስንት ትራስ ትንተራሳለህ?» የሚል ነው። ለምን እንደሚጠየቅ አላውቅም፤ የፈረንጅ ነገር ብዬ አለፍኩት። አንድ ቃል ሳላዛንፍ መለስኩት፤ እንዲያውም ትራስ የሚለውን ቃል በጥሩ እጅ ጽሑፍ ስላወጣሁት ተደስቼ ነበር።

ኮሶዬ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጥያቄውን ሰምተው ከት ብለው ሳቁብኝ።

«ትራስ? ክንዴን ነው እምንተራስ፣ ልጄ። ክንድም ይቆጠራል እንዴ?»

«አይ አባቴ፣ ክንድ አይቆጠርም» አልኳቸውና ዜሮ ጻፍኩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ለነበረውም ዜሮ፤ ለሚስቱም ዜሮ። የዚያን ቀን ወረቀቴ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ለብሶ ተመለሰ፤ እኔም አገሬ ጤነኛ ነው ብዬ መኪናው ላይ ዘፈን እያንጎራጎርኩ ወረድኩ።

ቁስቋም ስንደርስ ወንድሜን የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። ተማሪዎቹ ከበውት ነበር። ለመቀለድ ብዬ እንደማላውቀው ሰው ቅጹን ከፍቼ ስሙንና ዕድሜውን ጠየቅኩት፤ እሱም ፈገግ እያለ ነገረኝ። በዚህ ዓመት መገጣጠሚያህ አብጦ ያውቃል? የለም። ዳገት ስትወጣ ትደክማለህ? «ጎንደር ተፈጥሮ ዳገት እማያደክመው ማን አለ?» ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ስቄ የለም ብዬ ጻፍኩ። ስንት ትራስ ትንተራሳለህ?

«ምንም» አለኝ። ከዚያ ፈገግታውን ትቶ ትኩር ብሎ አየኝ። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ አያ። ጨረስን።»

«ጨረስን?» አለና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። ዜሮዬን ጽፌ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪሙ አንድ ማለዳ ሁላችንንም ክፍል ውስጥ ሰበሰበን። ወረቀቶቻችን ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል። ፊቱ ጥሩ አልነበረም። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ሁለት ትራስ የሚንተራስ አንድ ሰው እንኳ የለም፣ ይህ ሊሆን አይችልም አለ። ይህን ጥያቄ ለምን እንደምንጠይቅ የሚያውቅ አለ? ሁላችንም ጠረጴዛችንን አየን። ስለዚህ ሊያስረዳን ጠመኔውን አነሳ፤ እኔም ደብተሬን አወጣሁ።

ልቡ የደከመ ሰው ሲጋደም ውሃ ሳንባው ላይ ይወጣል አለ። ይታፈናል። ስለዚህ ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛል፤ መጀመሪያ በሁለት ትራስ፣ ከዚያ በሦስት። ሲብስበት መተኛቱን ጭራሽ ይተወውና ተቀምጦ ያድራል።

ጻፍኩ። እግሩ ያብጣል አለ፤ ጫማው አልገባ ይለዋል። ይህንንም ጻፍኩ። ሆዱ ይነፋል፤ ሁለት ጉርሻ ያጠግበዋል። ጻፍኩ። ዳገት ላይ በየመሀሉ ይቆማል፤ ብዙዎቹ ግን ስለሚያፍሩ ለመቆማቸው ሌላ ሰበብ ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ወንድሜ ባለፈው ጥምቀት ጫማውን ለአንድ ለማኝ ሰጥቶ ከዚያ ወዲያ በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው፤ ትሕትና ነው ተባለ። ምግብ ስናቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል፤ ጾም ነው ተባለ። ከገበያ አብረን የቁስቋምን ዳገት ስንወጣ በየመሀሉ ቆም ይልና በመቋሚያው እየጠቆመ፣ ያን ዋርካ እይው፣ ያ ማዶ የማነው ማሳ፣ ይለኛል። ነገር ማሳየት ይወዳል እል ነበር። ደብተሬን ቁልቁል አየሁት። ሰፈሩ ሁሉ የሚተርከው የወንድሜ ገድል አንድ በአንድ በእጄ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ከላይ ርእሱ ላይ ደግሞ የልብ ድካም ምልክቶች ይላል።

ክው አልኩ። ከመቀመጫዬ ስነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ሐኪሙ ምን ሆንሽ አለኝ መሰለኝ። ሳልመልስለት ከጠረጴዛው ላይ አንድ የልብ ማዳመጫ አንስቼ ወጣሁ፤ ማስፈቀድ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

እስከ ቁስቋም ድረስ እየሮጥኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ነበር። ስእለቱን አፍርስ ብለው አይሰማኝም። ቄስ ላስመጣ ይሆን? ንስሐ አባቱ ይፍቱት ይሆን? ጌታም ደክሞት ታንኳ ላይ ተኝቷል ልበለው? የአቋቋም መምህርን በመጽሐፍ ልረታ እያሰብኩ ነበር፤ ዳገቱ ግማሽ ላይ እኔንም ትንፋሽ አጠረኝ። ደርሼ ተማሪዎቹን ውጡልኝ ስላቸው ፊቴን አይተው ወጡ።

«አያ፣ ስእለትህን መተው አለብህ» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

«የምን ስእለት?»

«ያለመተኛቱን ነዋ!»

ወንድሜ መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «እኔ መቼ ስእለት አለብኝ አልሁ?»

«ታዲያ ምነው የማትተኛ?»

«መተኛት አልችል ብዬ!» አለ። ድምፁ ሲሰበር በሕይወቴ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «ስጋደም ሰው ደረቴ ላይ የወጣብኝ ይመስለኛል። አሁንስ ሞትሁ ብዬ እነሳለሁ። አምስት ዓመት ሆነኝ።»

መልአክ፣ ተጋድሎ፣ ስእለት ይለኛል ብዬ ነበር የመጣሁት። ፈርቼ ነው ይለኛል ብዬ አላሰብኩም።

«ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?»

«ማን ጠየቀኝ? ሰው ሁሉ ጉልበቴን እየሳመ ሲሄድ አመመኝ ልበል? እንዲያው ዝም አልሁ። ኋላ አንቺ ነጭ ለብሰሽ ወረቀት ይዘሽ ስትመጪ ደስ አለኝ። አሁንስ እህቴ ትጠይቀኛለች አልሁ።» ዓይኑን ከእኔ አነሳ። «አንቺ ግን ስለ ትራስ ጠይቀሽኝ ሄድሽ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዜሮውን የጻፍኩበት እጄ ሲያስጠላኝ ይሰማኝ ነበር። አልቅሼም ይሆናል፤ የማስታውሰው ግን ቀሚሱን ገልጬ ማዳመጫውን በግራ ጡቱ ሥር ማስቀመጤን ነው። እስከዚያ ቀን ያዳመጥነው እርስ በርሳችንን፣ የጤነኛ ልጃገረድ ልብ ነበር፤ ዱብ ዱብ የሚል። የወንድሜ ልብ ግን እንደ ወንፊት ሽር ይላል። ሽር ይልና ይደነቅፈዋል፤ ደግሞ ይሮጣል።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ይሠራል» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ማግስቱን በበቅሎ ጭነን ሆስፒታል አስገባነው። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። ረጅም ሰዓት አደመጠውና የልቡ በር ጠቧል አለን፤ ያ ቆሎ ተማሪ ሳለ በቃሬዛ ያስመጣው ቁርጥማት የተወው ጠባሳ ነው። በሩን የሚያሰፋ ሰው በአገራችን የለም። ውሃውን በመርፌ ማስወጣት፣ ልቡን በኪኒን ማረጋጋት፣ ጨው መከልከል፣ ከዚያም የወር መርፌውን ሳያቋርጡ መስጠት ይቻላል። ይህ ሁሉ ሆኖለት ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረልኝ። አምስቱን ዓመት ቀድመን ብናውቅ ስንት ይኖር ነበር ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። ቅጹ ግን ተቀየረ። የትራሱ ጥያቄ ወጥቶ «ጎንህን አሳርፈህ ትተኛለህ ወይስ ተቀምጠህ?» የሚል ገባ፤ በዚህ ጥያቄ እዚያው ከቁስቋም ግርጌ ተቀምጠው የሚያድሩ ሁለት ሰዎች አገኘን። አንደኛዋን ባሏ ሌሊቱን ሙሉ ስትጸልይ የምታድር ሴት ናት እያለ ያመሰግናት ነበር።

ወንድሜ ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከተደገፈበት ቀስ እያለ ተንሸራተተ። የእግሩ እብጠት ጎድሎ አጥንቱ ታይቷል፤ ከንፈሩ ጥቁረቱን ለቋል። ራሱ አልጋው ላይ አረፈ፤ ከዚያ ዓይኑ ተከደነ። እኔ የሞተ መሰለኝ። መዳፌን አፍንጫው ሥር ሦስት ጊዜ አስጠጋሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ትንፋሹ ሞቀኝ። ትልቅ ሰው ሆኜ ወንድሜን ተኝቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ሰው ሲተኛ ማየት እንደዚያ የሚያስደነግጥ አይመስለኝም ነበር።

እንዲህ አፍጥጬ ሳየው እማሆይ መጡ። ሰፈራችን ያሉ መነኩሲት ናቸው፤ ማለዳ ማለዳ የወንድሜን ጉልበት ሳይስሙ ውሃ አይቀምሱም። በቅል ጸበል ይዘዋል። በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

«የኔታ ተኙ?» አሉኝ።

«ተኝቷል፣ እማሆይ። እግዚአብሔር ይመስገን!»

«በጎናቸው?»

«በጎኑ። ታሞ እኮ ነው፤ ስእለት አልነበረም። መተኛት ስለማይችል ነበር።»

እማሆይ ቅሉን መሬት አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም።

«እኔ» አሉ፣ «እኔ ባሌንም ልጆቼንም ከቀበርሁ ወዲህ የኔታ ነቅተዋል እያልሁ ነበር እንቅልፍ እሚወስደኝ።»

ወንድሜ ድምፃቸውን ሲሰማ ዓይኑን ገለጠ። አያቸው። ከዚያ ክርኑን አልጋው ላይ ተከለና ሊነሳ ጀመረ፤ ተቀምጦ ሊጠብቃቸው። ያቺን አራት ቀን የለመንኩላትን፣ መርፌ የወጋሁላትን እረፍት ሊጥልላቸው ነበር። ብድግ ብዬ ትከሻውን በመዳፌ ያዝኩና ወደ ታች ገፋሁት። የአቋቋም መምህር ትከሻ ነው፤ ቢፈልግ በአንድ እጁ ይወረውረኛል።

አልታገለኝም። ራሱን መልሶ አሳረፈ።

«ታምሜ ነው፣ እማሆይ» አለ።

እማሆይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እግዜር ይማርዎ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ታዲያ ከዛሬ ወዲያ ማን ይነቃልን?» አሉ።

ተናደድኩ። ክፉ ነገር ልናገራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ዓይናቸውን ሳይ ግን የጠየቁኝ የምራቸውን መሆኑ ገባኝ። እሱ ይመልስላቸው ብዬ ወደ ወንድሜ ዞርኩ። በቀኝ ጎኑ ዞሮ፣ መዳፉን ከጉንጩ ሥር አድርጎ፣ ተኝቷል።