ያልነቀልኩት መቀርቀሪያ

ባሌና እኔ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ምስር መልቀም ነበር። በራችን ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሰፌዱን በመካከላችን አድርገናል። እሱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ እኔ ያለፍኩትን መልሶ ያያል፤ ጠጠር ሲያገኝ ያነሳና ያሳየኛል።

"ይህችን ለጥርሴ ነው ያስቀመጥሻት?"

"ጥርስ ካለህ" አልኩት። ሳቀ። ምስሩን ሳንጨርስ ደመና መጣና ገባን። በዚያው ሳምንት ሞተ።

ተገኘ ይባላል። ከዚህ በታች የምጽፈውን ለእሱ አልነገርኩትም። ለልጆቼ አልነገርኩም፣ ለእናቴም አልነገርኩም። ለነፍስ አባታችንም አልነገርኩም፤ የባልና የሚስት የነፍስ አባት አንድ ነውና፣ ቤታችን ገብተው ከባሌ ጋር ሲጫወቱ በሚያመሹ ቄስ ፊት እንዴት አወጣዋለሁ? ይህ ግን ማመካኛ እንዳይመስላችሁ። ንስሐ ስገባ ሐሜቴን ተናግሬአለሁ፤ ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት መቀየሜን ተናግሬአለሁ። የተሰጠኝን ስግደት ሰግጃለሁ። ይህን አንዱን ግን በሆዴ አስቀርቼ ወጣሁ። እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም፤ ስለዚህ ከእናንተ እጀምራለሁ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ በቀን ከጥቂት መስመር አላልፍም።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከወንድሞቼ ጋር አስቀምጠው ዳዊት አስደገሙኝ፤ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ያላቸውን ሁሉ አልሰሙም። ብረት ሠራተኛ ላገባ ስነሳ ግን እሳቸውም እንደ ሰዉ ሆኑ። ተገኘ በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ሞተር መፍታትና መግጠም የተማረ ሰው ነው። ለዘመዶቼ ግን ብረት የነካ ሁሉ ቀጥቃጭ ነበር። "የመሪጌታ ልጅ ለቀጥቃጭ!" አሉ። እኔ ደግሞ አገባሁት። እጁን እወድ ነበር። የተሰበረ ነገር ሲያነሳ፣ የታመመ ሕፃን እንደሚያነሳ ሰው አድርጎ ነበር የሚያነሳው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በየትንሹ ከተማ የሞተር ወፍጮ ተተከለ። ሲበላሽ የሚጠግነው አልነበረም። ተገኘ አሮጌ ካሚዮን ገዛና ከኋላዋ ላይ በሳንቃ ቤት ሠራባት፤ አልጋ፣ የላምባ ምድጃ፣ የመሣሪያ ጠረጴዛ ያለው ቤት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ እንወጣለን፣ በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ እንወርዳለን፤ በመንገዱ ሁሉ ወፍጮ ሲጠግን እኔ አበስላለሁ፣ የሠራውን እጽፍለታለሁ። ከአውራው መንገድ የራቀ ወፍጮ ዘንድ ካሚዮኗ መግባት ስለማትችል፣ ጣሊያኖች ጥለዋት የሄዱ አንዲት ትንሽ ማኪና ከኋላ አስረን እንጎትት ነበር። ሰዉ ሲያያት እናቷን የምትከተል ፍየል ትመስላለች ብሎ "ግልገሏ" አላት።

ግልገሏን መጎተት ቀላል ነው። ቁልቁለት ላይ የሚያቆማት ማን ነው? የካሚዮኗ ፍሬን ራሷን እንኳ በመከራ ነበር የሚይዘው፤ ከኋላ ደግሞ ግልገሏ ትገፋታለች። ባሌ ከዚህ በላይ ያሰበበት ነገር የለም።

መጀመሪያ ሰው ግልገሏ ውስጥ ተቀምጦ ክላክስ ሲሰማ ፍሬን ይርገጥ ብለን ጎረቤታችንን አያ ደሴን ወሰድን። አያ ደሴ ሽማግሌ ናቸው፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ሰው ናቸው። በየኩርባው ዓይናቸውን ጨፍነው ያማትባሉ፤ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እግራቸውም አብሮ ከፍሬኑ ይነሳል። ደባርቅ ሳንደርስ ወረዱና "የምሞት ከሆነ ፊት ለፊት አይቼ ልሙት እንጂ በሌላ ሰው ጭራ ላይ ታስሬ አልሞትም" ብለው በእግራቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ባሌ ከግልገሏ ፍሬን ጀምሮ እስከ ጋቢናው ድረስ ሽቦ ዘረጋ፤ ጫፉ ላይ እጀታ አደረገና በኔ ወንበር በኩል ተከለው። ቁልቁለት ሲመጣ "በይ!" ይለኛል፤ እስባለሁ። ቆይቶ "በይ" ማለቱንም ተወ። ግልገሏ መግፋት ስትጀምር ከእሱ በፊት እኔ በእጄ አውቀው ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ የረባሁ መስሎኝ አያውቅም። ዳዊት ደግሜ ማን ምን አለኝ? አበስዬ ማን ምን አለኝ? ይህን ግን ያለ እኔ እጅ መውረድ አይቻልም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ደባርቅ ላይ ሾፌሮች ተሰብስበው አዩን። አንዱ ጮኸ፦

"አያ ተገኘ! ሚስትህ ካልፈቀደች አትቆምም አሉ!"

ሌላው ተቀበለ፦ "ሌሊትስ ማን ነው የሚስበው?"

ሳቁ። ተገኘም ሳቀ፤ እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩና ሳቁ ከአፉ እንዳላለፈ አየሁ። ወደ ጎንደር እንደተመለስን እጀታውን ነቀለው። "ምነው?" አልኩት። "እጅሽ እንዳይደክም ብዬ ነው" አለኝ። "እጄ አልደከመም" አልኩት።

በምትኩ የሠራው ነገር ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያማረ ሥራ ነበር። መጎተቻውን ብረት ሁለት አድርጎ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲንሸራተት አደረገው። ካሚዮኗ ፍጥነቷን ስትቀንስ ግልገሏ ትገፋለች፤ ስትገፋ ብረቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ብረቱ ሲገባ የራሷን የግልገሏን ፍሬን ይስባል። በገፋች ቁጥር ራሷን ታቆማለች። ሰው አያስፈልጋትም። ወደ ኋላ መሄድ ሲያስፈልግ ብቻ፣ ያኔም ብረቱ ስለሚገፋ ፍሬኑ እንዳይይዝ፣ ጣት የምታህል መቀርቀሪያ በቀዳዳው ገብታ ብረቱን ታስረዋለች። ሥራዬ ይህ ሆነ፤ መውረድ፣ መቀርቀሪያዋን ማስገባት፣ ወደ ኋላ ከሄደ በኋላ መንቀል፣ ሳንቃውን ሁለት ጊዜ በመዳፌ መምታት። መታሁ ማለት ነቅያለሁ ማለት ነው።

አንድ ቀን ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ለማዞር ወደ ኋላ መሄድ ነበረብን። ወረድኩ። መቀርቀሪያዋን አስገባሁ። አዞረ። ከዚያ አልነቀልኳትም።

ረስቼ አይደለም። ረስቼ ነው ብል ማን ያውቅብኛል? አልረሳሁም። እጄ መቀርቀሪያዋ ላይ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበረች፤ ተውኳት። አንድ ሁለት ኩርባ ግልገሏ ትግፋው፣ ይደንግጥ፣ "ይህ ብረት አይረባም፤ እጀታሽን እመልሳለሁ" ይበለኝ ብዬ ነው የተውኳት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። ሰይጣን ስለ ፍሬን ምን ያውቃል? እኔ ነኝ የማውቀው። እዚያ አገር ከባሌ ቀጥሎ ያን ብረት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ነቀልሽ?" አለኝ። ሳንቃውን ሁለት ጊዜ መታሁ።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ምንም አልሆነም። ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ደስ ብሎኝ እጠብቃለሁ። ቀጥሎ ቁልቁለቱ ከፋ፤ የካሚዮኗ ፍሬን መሽተት ጀመረ፤ ከኋላችን ግልገሏ እንደ አውራ በግ ወጋችን። ተገኘ "ትገፋለች! ምነው አልያዘም!" አለ። ያኔ "አቁም፣ እኔ ነኝ" ማለት እችል ነበር? እችል ነበር። አላልኩም። እጄ ግን ሄደ፤ እጀታው ወደነበረበት ቦታ ሄደና ባዶ ጨበጠ።

ገደሉ በግራችን ነው። ተገኘ መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ አፍንጫዋን ከተራራው ጋር አላተማት። ግልገሏ ተጠማዝዛ በጎኗ ወደቀች። እኔን አንድ ነገር አልነካኝም። የእሱ እግር ከመሪው ሥር ተሰበረ።

መንገድ የሚጠርጉ ሰዎች ሮጠው መጥተው እሱን ሲያወጡ እኔ የት ነበርኩ? ከኋላ ነበርኩ። ባሌ ሲጮህ እየሰማሁ መቀርቀሪያዋን በድንጋይ እየመታሁ ነበር፤ ጎብጣ አልወጣ ብላለች። ወጣች። ወደ ገደሉ ወረወርኳት። ከዚያ በኋላ ነው ሄጄ ራሱን የያዝኩለት፤ እንባዬም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ወጌሻ እግሩን አሰረለት፤ ነገር ግን ሳያነክስ ሄዶ አያውቅም። ቢያውቅ ይህን ይቅር ይለኝ ነበር ልበል። ሌላውን ግን? መጎተቻውን ብረት አስመጥቶ በደጃችን አስቀመጠው፤ አልጋው ላይ ተደግፎ በመስኮት ያየዋል፤ በዱላው ይነካዋል። አንድ ጊዜ ብቻ "መቀርቀሪያዋ የት ደረሰች?" አለኝ። "ስንጋጭ ከምትቀመጥበት ሣጥን ወድቃ ይሆናል" አልኩት። ሳምንታት ካለፉ በኋላ "ብረቱን በደንብ አላለሰለስኩትም፤ ነክሶ ቀረ። የኔ ጥፋት ነው" አለ። ለመጣ ሰው ሁሉ እንዲሁ ይናገር ነበር። የኔ ጥፋት ነው። ወጥ እየጨለፍኩ እሰማው ነበር።

አንድ የካሚዮን ባለቤት ከአይከል መጥቶ ያንኑ ብረት ለተሳቢዬ ሥራልኝ ብሎ ለመነው። "እኔ የሠራሁት ሰው ይገድላል" ብሎ መለሰው። ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር አልሠራም። ሌላው የሠራውን ብቻ እየጠገነ ኖረ። ዘመዶቼም "ድሮስ ከቀጥቃጭ ምን ይጠበቃል" አሉ፤ ያን ቃል እንዲሉ ማስረጃውን በእጃቸው ያስቀመጥኩላቸው እኔ ነኝ፤ ለእሱ ስል ከአባቴ የተጣላሁት እኔ።

ያውቅ ነበር ይሆን? ቀዳዳው በመቀርቀሪያዋ መፋቁን፣ መጣመሙን ያ ዓይን ሳያየው ይቀራል? አውቆ ዝም አለኝ ብዬ ልጽናና እችላለሁ። አልጽናናም። ካወቀ ሁለት ጊዜ በድየዋለሁ፤ በገዛ ቤቱ ብቻውን እንዲያውቀው አድርጌዋለሁና።

በአርባው ተዝካር ላይ አንድ አሮጌ ሾፌር ጠላውን አንስቶ "ነፍሱን ይማር፤ አያ ተገኘ ሸጋ ሰው ነበር፤ ፍሬን ብቻ አይሆንለትም!" አለ። ድንኳኑ በሙሉ፣ ክፋት ሳይኖረው፣ ሳቀ። ማድጋ ይዤ ቆሜአለሁ። እየዞርኩ ቀዳሁላቸው። መጻፍ የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

ከላይ ለማንም አልነገርኩም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ስጽፈው እውነት ነበር። እዚህ መስመር ላይ ከመድረሴ በፊት ለነፍስ አባቴ ሄጄ ተናገርኩ። አለቀሱ። ጾምና ስግደት ሰጡኝ፤ ከዚያ "እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ከእንግዲህ በሆድሽ ያዢው፤ ለሰው ብታወሪው ለማን ይበጃል?" አሉኝ። ጾሙን ተቀብያለሁ፤ ስግደቱን እሰግዳለሁ። ይህን ምክራቸውን ግን አልተቀበልኩም። የባሌ ስም የጠፋው በኑዛዜ ቤት አይደለም፤ በገበያ ነው፣ በመንገድ ነው፣ ሾፌር በተሰበሰበበት ነው። እኔ በጓዳ ተፈትቼ እሱ በአደባባይ ታስሮ ይቅር?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችለው ሰው ሞቷል፤ በሕይወት ሳለም ዕድሉን አልሰጠሁትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አዘዞ እወርዳለሁ። ካሚዮኖች ከሚቆሙበት እሄድና ሾፌሮቹን አንድ በአንድ አስቆማለሁ። "የተገኘ ፍሬን ይሠራ ነበር፤ ያሰርኩት እኔ ነኝ" እላቸዋለሁ። አንዳንዱ "እማማ፣ ሐዘን ነው፤ አረፍ ይበሉ" ብሎ ድንጋይ ያቀርብልኛል። አልቀመጥም። እንዴት እንደሚሠራ፣ መቀርቀሪያዋ የት እንደምትገባ ቆሜ አስረዳዋለሁ፤ ሰምቶ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ካሚዮን እሄዳለሁ።