የእማዋይሽ ሠርግና አረንጓዴው ቀለም

ባለፈው ሳምንት ልጄ የሳሎኑን በርና መስኮት ዘይት ቀለም አስቀባ። ቀቢው ጎበዝ ነበር፤ ስልኩ ጠርቶ ሊያነሳ ዞር ሲል ግን ጣሳውን በክርኑ መታውና የሲሚንቶው ወለል፣ የወንበሩ እግር፣ የመስኮቱ መስታወት ሁሉ ተለቀለቀ። ምራቴ ደንግጣ የፈላ ውኃ ይዛ ስትሮጥ ከተቀመጥኩበት ጮኽኩባት።

«ተዪው! ዘይት ቀለም በውኃ አይለቅም፣ ይሰፋል እንጂ። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ከዳር ወደ መሀል ሰብስቢው።»

ለወለሉ ነጭ ጋዝና ደቃቅ አሸዋ፣ ለመስታወቱ የሳሙና ውኃና ምላጭ፣ ለእንጨቱ በጋዝ የራሰ ጨርቅ አልኳት። እንዳልኳት አደረገች፤ ለቀቀ። ላቧን እየጠረገች «እማማ፣ ይህን ከየት ተማሩት?» አለችኝ።

«እህቴን ስንድር» አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መስሏታል።

ያኔ መካነ ሰላም ከተማ ነበርን። ቤታችን ከቤተክርስቲያን ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በነጭ አፈር የተለሰነ ጭቃ ቤት ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ታላቅ እህቴ እማዋይሽ ድምጿ ከጓዳ አልፎ የማይሰማ፣ መንገድ ላይ ወንድ ሲመጣ ዳር ይዛ የምታልፍ ልጅ ነበረች። እኔ የተገላቢጦሽ ነኝ። እናቴ «ዝምታውን ለእሷ ሰጥቶ ምላሱን ላንቺ» ትለኝ ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ካሳ፣ አድማሱ የሚባል ወንድ ልጅ ነበራቸው። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጥፍሩን እንደ ሴት የሚንከባከብ። ለእማዋይሽ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ጠየቋት፤ አንገቷን ደፍታ «አልፈልገውም» አለች። በእኛ አገር የዚያን ጊዜ ልጅን የሚጠይቅ አባት ብዙ አልነበረም፤ አባቴ ግን ጠየቁ፣ መልሷንም አከበሩላት። ከዚያ የወግዲ ሰዎች ለልጃቸው ሊጠይቋት መጡ፣ ልጁ ተወደደ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። አድማሱ እንደ ወትሮው ሰላም ይለን ነበር። እንዲያውም ዳሱ ሲተከል እንጨት ተሸክሟል።

በሠርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ሳለ እናቴ በር ከፍታ ጮኸች። ወጥተን አየን። በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ በአረንጓዴ ቀለም፣ በትልልቁ «ያገባች ናት» ተብሎ ተጽፏል። የተረፈው በሩ ላይ ተደፍቶ በመስኮቱ መስታወትና በደጃፉ ሲሚንቶ ላይ ወርዷል። ገመድ ላይ ያደረው የእናቴ አዲስ ነጠላም ተረጭቷል። ለእርዳታ የመጡት የጎረቤት ሴቶች አፋቸውን ይዘው ቆመዋል።

ያቺ ቃል ለዛሬ ልጆች ቀላል ትመስል ይሆናል። ያኔ ግን «ወንድ ታውቃለች» ማለት ናት፤ ሙሽራን ከነመጣችበት በቅሎ የምታስመልስ ቃል ነበረች።

እማዋይሽ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። አነበበችው። «ነገ ይመጣሉ?» ብቻ አለች።

አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገ ቀትር ላይ ይደርሳሉ። እስከዚያ ይጥፋ» አሉ።

እኔ ፊደሎቹን ቀርቤ አየኋቸው። በብሩሽ አልተጻፉም። ስፋታቸው የሰው ጣት ያህል ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ጥፍር የቧጠጠው መስመር ሳይቀር ይታያል። ቀለሙም የታወቀ ነው፤ በዚያ ሰሞን የቤተክርስቲያኑ በሮች የሚቀቡበት ነበር። ሰውዬው ማንም ይሁን ማን፣ እጁ አረንጓዴ ነው።

ባዶ ጠርሙስ ይዤ ወደ ጋሼ ሙሄ ሱቅ ሮጥኩ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ላምባ አለዎት?»

«ቦቴው ከደሴ ከመጣ ሰንብቷል። ለራሴ መብራት ያስቀመጥኳት ትንሽ አለች።» ጺማቸውን እያሻሹ አዩኝ። «ምን ጉድ ነው ዛሬ? ሱቄን ሳልከፍት አድማሱም ላምባ ብሎ መጣ። የለም ብዬ መለስኩት።»

«እጁን አዩት?»

«በጋቢ ጠቅልሎታል። በረደኝ አለ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «ያ ረቢ! በሰው ልጅ ክብር!» አሉና ከመደርደሪያው ሥር ጀሪካኑን ጎትተው ከነሙሉው ሰጡኝ።

«አፉ ይበሉኝ ጋሼ ሙሄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ተመልሶ ቢመጣ…»

«ወላሂ አንዲት ጠብታ አያገኝም። ለሌሎቹም ባለሱቆች እነግራለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። የበሩን ቀለም በላምባ አርሼ በቢላ ጀርባ ፋቅኩት። መስታወቱን በምላጭ ላጨሁት። ደጃፉን በአሸዋና በአመድ አሸሁ። ነጠላውን ማሸት አይሆንም፤ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ አድርጌ ከላይ በላምባ እየነካካሁ ቀለሙን ወደ ታች አስመጠጥኩት፣ ከዚያ በእንዶድ አጠብኩት። ያስቸገረኝ ግድግዳው ነው። ጭቃ ቀለምን ይጠጣል እንጂ አይመልስም። ስለዚህ በመቆፈሪያ እያንዳንዷን ፊደል ከነልስኑ ፈነቀልኳት፣ ጭድ ያለው ጭቃ መረግሁ፣ ከሰል አቀጣጥዬ ከፊቱ እያስቀመጥኩ አደረቅሁ፣ በነጭ አፈር ለሰንኩ። በእያንዳንዷ ፊደል ላይ መቆፈሪያውን ስሰነዝር የማየው የአድማሱን ፊት ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ ከግድግዳው ምንም አይታይም። እናቴ ግን አሸተተችኝ። «በዚህ እጅሽ ወጥና እንጀራ እንዳትነኪ! ድግሱ ላምባ ላምባ ሊሸት ነው።»

«እንግዲያው እጅ ላስታጥብ» አልኳት።

እሑድ የወግዲ ሰዎች ከመድረሳቸው በፊት ጎረቤቱ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ይበላ ጀመር። አድማሱ መጥቷል። ባይመጣ ራሱን ማጋለጡ ነው፤ አባቱ ከአባቴ ጎን የሚቀመጡ ሰው ናቸው። አዲስ ጋቢ እስከ አገጩ ተጠቅልሎ በጋሽ ካሳና የቤተክርስቲያኑን ቀለም በሚጠብቁት በዕቃ ቤቱ ቄስ መካከል ተቀምጧል። ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን ይዤ ከሽማግሌዎቹ ጀመርኩ። ሳልቸኩል፣ በፈገግታ፣ በየተራ። ደረስኩበት።

«እኔ ታጥቤያለሁ» አለኝ።

«ሳላስታጥብዎት እንጀራ ባቀርብ እኔን ያሙኛል» አልኩት። አንተ ስለው የኖርኩት ሰው ነው፤ አንቱ ስለው ነጣ።

አባቱ ሳቁ። «ታጠብ እንጂ ልጄ! ሙሽራ አንተ አይደለህ፣ ምን ያሽኮረምምሃል?»

ቀኝ እጁን ጣቶቹን አጥፎ አወጣ። «ሁለቱንም» አልኩት። አወጣ። ውኃውን ቀስ አድርጌ አፈሰስኩለት፤ እንዲዘረጋቸው ጠበቅሁ። በአሸዋም በድንጋይም ሲፈትጋቸው እንዳደረ ያስታውቃል፤ ቆዳው ተልጧል። ግን በየጥፍሩ ሥር፣ በየመታጠፊያው መስመር፣ አረንጓዴው እንዳለ ነው። የማንቆርቆሪያው ውኃ እስኪያልቅ አፈሰስኩ።

ቄሱ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። ትናንት ግድግዳችንን ያዩት ሴቶች ከዳሱ ጥግ አንገታቸውን አሰገጉ። ጋሽ ካሳ የልጃቸውን እጅ አዩ፣ የአባቴን ፊት አዩ፣ ሳይቀምሱ ተነሱ። «ቅደም» አሉት። ወጡ።

የወግዲ ሰዎች እየጨፈሩ ሲደርሱ ምንም የሚያዩት አልነበረም። እህቴ ተዳረች።

በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም አድማሱ የቀረውን የቤተክርስቲያን በር ሁሉ እንዲቀባ ተፈረደበት። አባቱ ናቸው የፈረዱት። ገበያ ስሄድ በእኛ በኩል ያለው መንገድ ቢያጥርም፣ በቤተክርስቲያኑ ቅጥር ዞሬ፣ እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ሕዝብ ሲያየው እኔም ቆሜ አይቼው አልፍ ነበር። ከፋሲካ በኋላ አጅባር አጎቱ ዘንድ ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ረስቼው ነበር። ግን ወሬው ዘግይቶ ወግዲ ገባ። አማቷ የእማዋይሽን የበኩር ልጅ ታቅፈው ሳይቀር «አንቺ ግድግዳ ላይ የተጻፈብሽ» እያሉ ኖሩ። ባሏ ደግ ሰው ነው፣ አንድ ቀን አልጠየቃትም። እሷ ግን እኛን ልትጠይቅ መካነ ሰላም በመጣች ቁጥር በኋላ በር ነበር የምትገባው።

ከብዙ ዘመን በኋላ አጅባር ገበያ ላይ አድማሱን አገኘሁት። ሸብቷል። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለኝ። የገዛሁትን ምስር አንስቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

ነፍስ አባቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በቅርቡ እማዋይሽ ስትደውልልኝ የአድማሱ እናት አርፈው ለቅሶ ደርሳ መመለሷን ነገረችኝ፤ እሱንም አቅፋ አጽናንታዋለች።

«እንዴት ቻልሽ?» አልኳት።

«ኧረ ተዪው እህቴ፣ ደከመኝ» አለችኝ።

እሷ ደክሟት ተወችው። እኔ ገና አልደከመኝም።