ማንንም የማይጠራ ሰሌዳ

መሥሪያ ቤቱ ያወጣላት ስም አሻፈረኝ ነው። እናቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ አንድ ሰው ቢገኝ እሱም ፋይል ያዡ ነው። እሷም ብትሆን አሻፈረኝ ሲሏት አቤት ትላለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። ስሙን ያገኘችው በተቀጠረች በሁለተኛው ሳምንት ነው። አለቃዋ "ይቺን ነገር እንደምንም ዛሬ አጣብቂያትና ሂጂ" አላት። "ዛሬ ያጣበቅኳትን ነገ እኔው ነኝ የምልጣት። አሻፈረኝ!" ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። በማግስቱ አትመጣም ብሎ ያልተወራረደ አልነበረም። መጣች። ይኸው ስምንት ዓመቷ።

ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው ደግሞ ፕላትፎርም የሚሉት ነገር ነው፤ ሌሎች ፕሮግራመሮች የሆስፒታል ሶፍትዌር የሚያቆሙበት መሠረት በሉት። በውስጡ ሞጁል የሚባሉ ክፍሎች አሉ። አንዱ የካርድ ክፍል ሥራ ይሠራል፣ አንዱ የላቦራቶሪ፣ አንዱ የመድኃኒት ቤት፣ አንዱ ለታማሚው ስልክ መልእክት ይልካል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ ካርድ ክፍሉ መድኃኒት ቤቱን ይጠራና መልስ እስኪመጣለት ተገትሮ ይጠብቃል። መድኃኒት ቤቱም በተራው መልእክት ላኪውን ይጠራና ይገተራል። ታዲያ መልእክት ላኪው ትንሽ ካስነጠሰው መድኃኒት ቤቱ ይተኛል፤ መድኃኒት ቤቱ ሲተኛ ካርድ ክፍሉ ክችች ይላል፤ ሰባት ሆስፒታል ውስጥ ወረፋው ከበር ይወጣል። ለአንዲት አጭር መልእክት ብሎ! ይሄ ሥራ ነው? እናንተው ፍረዱ።

መልእክት ላኪውን የጻፈችው አሻፈረኝ ናት። የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ስለተቀመጠ የማንም ጥፋት ተንከባሎ ተንከባሎ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ስልኳ በቀን አሥር ጊዜ ይጮኻል። "ያንቺው ጉድ ወደቀ" ይሏታል። ሮጣ ብታየው የወደቀው ካርድ ክፍሉን የሚጽፉት ሰዎች አንዲት ቃል ስለቀየሩ ነው። ለምን አልነገራችሁኝም ስትል "ካንቺ ጋር መያያዙን በምን እናውቃለን?" ይሏታል። ይሄም እውነት ነው። ማን ከማን ጋር እንደታሰረ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አለቃው ነው። ቁልፉ ይሉታል።

ቁልፉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው አላማም። ፕላትፎርሙን ከባዶ ያቆመው እሱ ነው። ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ሞጁል እሱን ሳያስፈቅድ ሌላውን አናግሮ አያውቅም። ሰንሰለቱን ሁሉ በጭንቅላቱ ተሸክሞታል። ወረቀት ላይ ይጻፉት ሲባል "ጊዜ የለኝም" ይላል። ጊዜማ ከየት ይምጣ! ቀኑን ሙሉ ሰው በሩ ላይ ተሰልፎ "ይሄን ብነካው ምን ይወድቃል?" እያለ ይጠይቀዋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሰልፉን ይወደዋል።

ነገሩ የመረራት ግን በእናቷ ዓይን ነው። እናቷ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የተኝቶ ታካሚ ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ የሰፈሩ ሰው ዛሬም ሲስተር ይላቸዋል። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ሸፈነው። ሐኪሙ በየተራ ነው የምንገፈው አለ። የመጀመሪያው ዓይን ፋሻ በሚነሣበት ቀን ሲስተር ልጃቸውን አንድ ነገር ብቻ ለመኗት። "መጀመሪያ የማየው ያንቺን ፊት ይሁን።"

"ሌላ ማንን ታያለሽ?" ብላ ሳቀች።

ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ወደ አልጋው ሲጠጋ ስልኳ ጮኸ። "አንድ ደቂቃ፣ እማዬ፤ አንዲት ደቂቃ" ብላ ኮሪደር ወጣች። ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የሷ ያልሆነን ጥፋት ስታቃና አርባ ደቂቃ ነጎደ። ስትመለስ ፋሻው ተነሥቶ፣ ሐኪሙ ሄዶ፣ እናቷ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ እያዩ ነበር።

"ሰዓቱን አየሁት" አሏት። "ደህና ይሠራል።"

ወቀሳ እንኳ አልነበረበትም። ቢቆጧት፣ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። አሻፈረኝ የዚያን ቀን መታጠቢያ ቤት ገብታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያም ፊቷን ታጥባ ለራሷ ማለች፤ ሁለተኛው ዓይን ሲገለጥ፣ ሰማይ ከምድር ቢደባለቅ፣ ስልኬ ዝግ ነው።

መማልማ ቀላል ነው። ስልኩ ቢዘጋ ሰባት ሆስፒታል ይቆማል። እንግዲህ መቀየር ያለበት ስልኩ ሳይሆን እሱን የሚያስጮኸው ነገር ነው።

በሳምንቱ ወጥ ቤት ተቀምጠው ሽንኩርት እየላጡ "እማዬ፣ አንቺ ያን ሁሉ ሰው ስታዥ ማን ነበር ለማን የሚደውለው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"የምን መደወል? ስልክ የት አለና!" አሉ ሲስተር። "ከበሩ ኋላ ጥቁር ሰሌዳ ነበረኝ። 'አልጋ አራት ወጥቷል' ብዬ እጽፍና ወደ ሥራዬ ዞር ነው። ጽዳቷ ስታልፍ ታነበውና አንሶላ ትቀይራለች። ምግብ ቤቱ አንድ ሳህን ይቀንሳል። መዝገብ ቤቱ መዝገቡን ይዘጋል። ማን እንዳነበበው እኔ ምን ቸገረኝ?"

"ለጽዳቷ 'አንሶላ ቀይሪ' ብለሽ አትጽፊም?"

"ለምን ብዬ? እኔ የጽዳት ሙያ አላውቅ! የምጽፈው የሆነውን ነው። ምን መደረግ እንዳለበት ባለሙያው ያውቃል። ደግሞ እንዲያ ብዬ ብጽፍ፣ ጽዳቷ የታመመች ቀን የኔም ሥራ ሊቆም ነው?"

አሻፈረኝ ቢላዋውን አስቀመጠች። ሽንኩርቱ በግማሽ ቀረ፤ የዚያን ቀን ምሳ ዳቦ በሻይ ሆነ።

ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ሌላ ምትሃት የለውም። በሞጁሎቹ መካከል ሰሌዳ ይቁም። ካርድ ክፍሉ "ለእገሌ ይህ መድኃኒት ታዟል" ብሎ ይጻፍና ይሂድ፤ ማንንም አይጥራ፣ ማንንም አይጠብቅ። መድኃኒት ቤቱ ሲመቸው ያንብብ፣ ድርሻውን ይሥራ፣ እሱም በተራው "መድኃኒቱ ተዘጋጅቷል" ብሎ ይጻፍ። መልእክት ላኪው ያን አይቶ ይላክ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው አይስማ።

ስብሰባ ላይ ስታስረዳ ቁልፉ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ ሰማት። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?" አላት። "እኔ አሥራ አምስት ዓመት ያሰርኩትን አንቺ ልትፈቺ ነው?"

"አንበሳውን ቢያስርልን ጥሩ ነበር" አለች አሻፈረኝ። "ያሰረው ግን እኛኑ ነው።"

አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ሳል አስመሰለው። ሥራ አስኪያጇ፣ ወረፋውን የሚያማርሩት ሆስፒታሎች ደብዳቤ ጠረጴዛዋን ያጨናነቀባት ሴትዮ፣ "ይሞከር" አለች። ቁልፉ ጥርሱን ነከሰ።

ሙከራው በመጀመሪያው ቀን ጉድ አደረጋት። ቁልፉ በገዛ እጁ መድኃኒት ቤቱን ለአሥር ደቂቃ አጠፋው። ካርድ ክፍሉ ምንም ሳይመስለው ሥራውን ቀጠለ፤ የሰው ፊት ሁሉ በራ። መድኃኒት ቤቱ ተመልሶ ሲነሣ ሰሌዳውን አነበበ። ከተጻፈው አንድም አልጠፋም። ግን አንዲት ታማሚ መድኃኒቷ ሁለት ጊዜ ታደላት። መድኃኒት ቤቱ ከመውደቁ በፊት የጀመረውን ሲነሣ እንደ አዲስ አንብቦት ነበር።

"ይኸውልሽ!" አለ ቁልፉ ተነሥቶ። "የኔ ሰንሰለት ሰው ያሰልፋል። ያንቺ ሰሌዳ ሰው ይገድላል።"

አሻፈረኝ ፊቷ ሲግል ተሰማት። የሙከራ ነው፣ ታማሚዋም የውሸት ናት ማለት ትችል ነበር። አላለችም። "እሱ ላይ እውነትዎን ነው፤ የኔ ጥፋት ነው" አለች። "አስተካክለዋለሁ። ሰንሰለቱን ግን ተመልሼ አላስርም።"

ቤቷ ገብታ ስትናገር ሲስተር አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። "እኛም ደርሶብናል! አዲስ የመጣች ነርስ አንዱን በሽተኛ ለሁለተኛ ጊዜ ልትወጋው ስትል ሰውዬው አልጋ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ላይ ያለው መስመር ሁሉ ቁጥር አለው፤ ሰው ሁሉ ደግሞ የየራሱ ደብተር። የሠራሽውን ቁጥር ደብተርሽ ላይ ታሰፍሪያለሽ። ያን ቁጥር ደግመሽ ካየሽው አልፈሽው ትሄጃለሽ። ሰሌዳውን ምን አድርግ ትይዋለሽ? አንባቢው የት እንደደረሰ ራሱ ይወቅ እንጂ።"

"ይሄን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሽንኩርቱን ትተሽ ሮጥሽ!"

ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ሞጁል የራሱ ደብተር ሰጠች። መድኃኒት ቤቱን የሚጽፈው ባልደረባዋ፣ ከአፉ ቃል ስለማይወጣ ዝምታ የሚሉት ሰው፣ አብሯት ተቀመጠ። መድኃኒት ቤቱን ሠላሳ ጊዜ ገደሉት፤ ሠላሳ ጊዜ ተነሣ። የጠፋም የተደገመም አልነበረም።

ይሄኔ ቁልፉ ሰሌዳው በሰባቱም ሆስፒታል ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ቆረጠ፤ ሐሙስ። የእናቷ ሁለተኛ ዓይን የሚገለጠው ሐሙስ ነው። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

"ሐሙስ አልኖርም" አለችው። "ስልኬም ዝግ ነው።"

"የጻፍሽው አንቺ፣ የምትጠፊው አንቺ! ቢወድቅስ?"

"ቢወድቅ ይነሣል። እኔ ካልደረስኩለት የማይነሣ ከሆነማ ምኑን ሠራሁት?"

ቁልፉ መነጽሩን አወለቀ። "ስሚ። ሐሙስ ወንበርሽ ላይ ካላገኘሁሽ አርብ ወንበሩን እንዳትፈልጊው።"

የቤቱ ኪራይ፣ የእናቷ መድኃኒት፣ ስምንት ዓመቷ፣ ሁሉም በዓይኗ ላይ አለፉ። "አሻፈረኝ" አለች ግን፤ በሩን እንኳ አላላተመችውም።

ሐሙስ ጠዋት ስልኳን እናቷ አጠገብ ዘጋችና የአልጋው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እጇ ሁለት ጊዜ ወደ ኪሷ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ሐኪሙ ፋሻውን ቀስ እያለ ሲተረትር እሷ በጉልበቷ ወለሉ ላይ ቆማ ፊቷን ከእናቷ ፊት አንድ ክንድ ላይ አድርጋ ነበር። ሲስተር ዓይናቸውን ገለጡ፤ ጨፈኑ፤ ደግመው ገለጡ።

"ከስተሻል" አሉ። "ፀጉርሽንም አላበጠርሽም።" ከዚያ በሁለት እጃቸው ጉንጯን ይዘው እስኪበቃቸው አዩዋት። አሻፈረኝ እንባዋን ልትጠርግ አልሞከረችም።

"ሆስፒታሎቹስ?" አሉ ቆይተው።

"ሰሌዳ አላቸው።"

ስልኩን የከፈተችው ከቀትር በኋላ፣ እናቷ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ነው። የጥሪዎቹን ብዛት ለማየት ፈራች። ያመለጠ ጥሪ የለም። አንድ መልእክት ብቻ ነበር፤ ከዝምታ። "አራት ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤቱ ወደቀ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ተነሣ፤ ካቆመበት አነበበ። ካርድ ክፍሉ አልሰማም። ሆስፒታሎቹም አልሰሙም። ቁልፉ ሊደውልልሽ ሦስት ጊዜ ስልኩን አንሥቶ አስቀመጠው።" ሰውዬው በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

አርብ ጠዋት ስትገባ ጠረጴዛዋ አለ፣ ኮምፒውተሯ አለ፤ ወንበሩ የለም። ቁልፉ ቃሉን ጠብቋል። ሰው ሁሉ የኮምፒውተር ማያውን አፍጥጦ ያያል፤ ቀና የሚል የለም። አሻፈረኝ ሁለት የወረቀት ካርቶን ደራርባ ማያዋን ከላይ ሰቀለች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ቆማ ሥራዋን ጀመረች። ዝምታ የራሱን ወንበር ገፋ አደረገላት። "ተወው" አለችው። "የኔው ከሄደበት ይምጣ።"

ሦስት ሰዓት ቆመች፤ አራት ሰዓት ቆመች። ወገቧ ጮኸ፤ እሷ ግን ድምጿን አላሰማችም። በመካከሉ የሥራ አስኪያጇ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ወደ ቁልፉ ቢሮ ገብታ ወጣች።

ለምሳ ጥቂት ሲቀር የአንድ ወንበር እግር በኮሪደሩ ሲንጫጫ ተሰማ። ያ ድምፅ የሷ ወንበር ድምፅ ነው፤ አንዱ ጎማው ስምንት ዓመት ሙሉ ዘይት አላየም። ቁልፉ እየገፋው መጣ። ላብ አጥምቆታል። ጠረጴዛዋ ዘንድ አቆመውና መደገፊያውን እንደያዘ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ላቦራቶሪውን ደግሞ" አለ፤ "እዚያ ሰሌዳሽ ላይ ለማውጣት... ምን ምን ያስፈልጋል?"

አሻፈረኝ ወንበሩን አየችው፤ እሱንም አየችው። ከዚያ ወንበሩን መልሳ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

"ይቀመጡበት፤ ማስረዳቱ ረጅም ነው" አለችው። "ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይያዙልኝ። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የሆነው ነው፤ ትእዛዝ አይጻፍም።"

ቁልፉ ተቀመጠ።