የጣሊያኑ ጀልባ ኮርኒስ

በጣሊያን ጊዜ ጎንደር አራዳ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አንድ የጣሊያን ሹም ጣና ዳር ጎርጎራ ድረስ ወሰደኝና የሞተር ጀልባውን ክፍል ኮርኒስ አዲስ አቡጀዴ እንዳለብስ አዘዘኝ።

አሮጌውን ጨርቅ ቀድጄ አወረድኩ። ተንጋልዬ፣ ምስማር በአፌ ይዤ አዲሱን ስመታ ሞተሩ ተነሳ፤ ጀልባው ይናጥ ጀመር። ምስማሩን ተፍቼ "ምነው?" ብዬ ጮህኩ።

"ሞተሩን እየሞከርነው ነው፤ አንተ ሥራህን ሥራ" አለኝ ከላይ አንድ ሰው፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ሞተሩ ጸጥ ሲል እኔም ጨረስኩ። ሥራዬን ለሹሙ ላሳይ እየተጣደፍኩ ብወጣ ሹሙም የለ፣ ወደቡም የለ። ዙሪያው ውሃ ነው፤ ጀልባው ላይ ጎፈሬያቸውን ያጎፈሩ አርበኞች ጠመንጃ ይዘው ተቀምጠዋል።

አለቃቸው ጎንበስ ብሎ ኮርኒሱን አየልኝና "ሸጋ ነው" አለ። በፍርሃቴ መሃል ደስ አለኝ።

"በል አሁን ቶሎ ንቀለው። ቤንዚኑ አልቋል፤ ጣሊያን ሳይደርስብን ሸራ እናደርገዋለን።"