ዋጊራ በደመወዝ ያረፈችባት ረቡዕ

ዋጊራ ፔካሎንጋን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ባቲክ የሚባለውን በሰም የሚነደፍ ጨርቅ ማቅለም ከጀመረች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። የእሷ ድርሻ ሰማያዊው ቀለም የሚቦካበት ጋን ነው። ጋን ስላችሁ ዝም ብሎ የተቀመጠ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት ኖራውንና የዘንባባ ስኳሩን ካልቀመሰ፣ በወጉ ካልተማሰለ፣ አኩርፎ ይሞታል። ሲሞት ደግሞ የወር ሥራ ይዞ ነው የሚሄደው። እና ዋጊራ ከሥራ ቀርታ አታውቅም።

በእነዚህ ዓመታት ምርጫ መጣ፣ ምርጫ ሄደ። የማቅለሚያ ቤቱ ሟች ባለቤት፣ አላህ ይዘንለትና፣ "መምረጥ የፈለገ ይሂድ፤ የቀረበት ቀን ግን አይከፈለውም" ይል ነበር። በሌላው ሁሉ ደግ ሰው ነበር፤ በዚህ በዚህ ግን ድንጋይ ነው። ባሏ ለሞተባት ሴት የአንድ ቀን ደመወዝ የልጆቿ ሩዝ ነው። ሌላው መርጦ ሲመለስ እሷ ጋኗን ስታማስል ያገኟታል። "አንቺማ የመረጥሽው ጋኑን ነው!" ብለው ይስቁባታል። አብራቸው ትስቃለች። ውስጧ ግን ይንገበገብ ነበር፤ ምን ይዋሻል?

ዘንድሮ ሥራውን የወረሰችው ልጁ ሱልያ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች። ረቡዕ ምርጫ ስለሆነ የቀን ሠራተኛ ሳይቀር ሙሉ ደመወዙ እየታሰበለት ያርፋል ይላል። ዋጊራ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

"ጋኑስ?" አለች።

"እኔ አለሁልሽ" አላት ሰም አቅላጩ ሽማግሌ ሳርፒን። "ሰፈሬ እዚሁ ነው፤ በማለዳ መርጬ እመለሳለሁ። አንቺ ብቻ ሂጂ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይሄ አገር ያላንቺ ነው ሲመርጥ የኖረው።"

ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሎሚና አሸዋ ይዛ ተቀመጠች። እንዲህ ላለ ቀን እስከ አንጓዋ ሰማያዊ ሆና ልትሄድ ነው እንዴ! ቆዳዋ እስኪቀላ ፈተገችው፤ ሲመሽ እጇ የሙሽራ እጅ መሰለ። ጥፍሮቿ ሥርና ጠርዝ ላይ ብቻ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀረ፤ እሱ በሎሚ አይለቅም።

ረቡዕ ለዒድ የምትለብሰውን ለብሳ ወጣች። የቀድሞ ሰፈሯን ባሕሩ ከወሰደው ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ተበትኖ እሷም አዲስ ሰፈር ገብታለች። አንድ ሰዓት ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ፋዝሪ የሚባል ወጣት አስፈጻሚ እጇን አገላብጦ አየ።

"ቡ፣ እርስዎ እኮ መርጠዋል" አላት፤ "ቡ" እዚያ አገር እማማ ማለት ነው።

"የት መርጬ?"

"ይኸው ትንሿ ጣትዎ፣ ጥፍሩ ላይ ቀለም አለ።"

"አሥሩም ላይ አለ! አሥር ጊዜ መረጥኩ ልትል ነው?"

ሰልፈኛው ሳቀ። ልጁ ፊቱ ቀላ፤ ግን እንደ መሸነፍ ባሰበት። እጇን ወደ አፍንጫው ጠጋ አደረገና፣ "ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ሁለቴ መምረጥ የሚፈልግ ሰው ነው በሎሚ የሚያጥበው" አላት።

"ለእናንተ ክብር ብዬ እኮ ነው የታጠብኩት! የጨርቅ ማቅለሚያ ነው።"

"የሚያውቅዎ ሰው አለ?"

ዞር ዞር ብላ አየች። አንድም የምታውቀው ፊት የለም። ይሄኔ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ጣቢያው ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቤት ገብቶ መተኛትም ነበር፤ ደመወዙ እንደሆነ አይቀርባት። ግን ንዴቱ አላስቀምጥ አላት። "ጠብቀኝ፣ መጣሁ" ብላው የተገኘው ባለሦስት እግር ሪክሾ ላይ ዘለለች።

ማቅለሚያ ቤቱ በር ላይ ሳርፒን ገና ከሩቅ ሲያያት፣ "አይ አንቺ! አንዲት ቀን እንኳን ያለ ጋንሽ መዋል አልቻልሽም?" አለ።

ክዳን ያላት ጀሪካን አንስታ ጋኑ ውስጥ ደፈቀቻት፤ አየር እንዳያገኘው እስከ አፏ ሞላቻትና ግጥም አድርጋ ዘጋቻት። ለሃያ ስምንት ዓመት ለማንም ያልተነፈሰችውን ስድብ መንገዱን ሙሉ ባለሪክሾው ላይ ስታወርደው ምርጫ ጣቢያው ደረሰች፤ ምስኪኑ በፍጥነት ከመንዳት ሌላ ያደረገው የለም።

ለሰባት ሃያ ጉዳይ ፋዝሪ ፊት ቆመች። "ልጄ፣ ልብ ብለህ እይ" አለችና አጠገቡ ባለው ቦይ ላይ እጇን ዘርግታ ጀሪካኗን አፈሰሰችበት። እጇ እንደ ሣር አረንጓዴ ሆነ። ወዲያው አየሩ ሲያገኘው አረንጓዴው ከጣቶቿ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ።

"አጃኢብ!" አለች አንዷ።

"የእናንተ ቀለም እንዲህ ያደርጋል?" አለችው ዋጊራ።

የጣቢያው ኃላፊ ከመቀመጫው ተነስቶ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። "መዝገቡ ላይ ስማቸው ጎን ፊርማ የለም አይደል? አስገባቸው እንጂ አንተ!" አለ። ፋዝሪ፣ "አፉ ይበሉኝ፣ ቡ" ብሎ አጎንብሶ አሳለፋት።

መጋረጃው ውስጥ በጣም ቆየች፤ ሁለት ሰው ውጪ ጉሮሮውን ጠረገ። ማንን እንደመረጠች አትጠይቁኝ፤ ለሳርፒንም አልነገረችው።

መውጫው ላይ ቀለም የምትነክረው ልጅ ሰማያዊውን እጅ ስታይ ግራ ገባት። "ይሂዱ እማዬ፣ ለእርስዎ ብነክረውም አይታይ።"

"አይሆንም! እንደ ሰው ሁሉ ንከሪኝ።"

ትንሿን ጣት ነከረቻት። ምንም ለውጥ አልታየም። ዋጊራ ግን ፊቷ በደስታ ፈክቶ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጣቷን ምንም ሳታስነካ፣ በእግሯ ቤቷ ድረስ ሄደች።