አባትየውን ያወጣሁ ዕለት

አሥር ዓመቴ እያለ፣ ሪያድ ከተማ ውስጥ በዚያ በሰኔ ሐሩር ሙከይፍ አጥፍቶ የሚቀመጥ ሰው ቢኖር የኛ ቤት ሰው ብቻ ነበር። ነሲም ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን ማቀዝቀዣው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያለ፣ እኛ ከሥሩ ቁጭ ብለን ላባችንን በፎጣ እንጠርጋለን። ለምን? ለዓሣ! ጣት ለማያክሉ፣ ብርድ ለማይወዱ ሁለት ቤታ ዓሦች!

ያመጣቸው አባዬ ነው። አገር ቤት ሳለ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ሪያድ የመጣው ግን በእማዬ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዷ ነው፤ እሷ ነርስ፣ እሱ ሚስቱን ተከትሎ የመጣ፣ ሥራ መሥራት የማይፈቀድለት። እሷ ሆስፒታል ስትውል ወጥ የሚሠራው፣ ዩኒፎርሜን የሚተኩሰው፣ ጸጉሬን የሚጎነጉነው እሱ ነበር። ሹሩባዬ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይጣመም ነበር እንጂ! እኔ ግን አፍሬ ለጓደኛዬ ለሰሚራ "አባቴ ሰናኢያ ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ነው" ብያታለሁ። አንዴ ከአፌ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ እሷን ቤት ማምጣት ቀረ።

ወንዱ ዓሣ ደማቅ ቀይ ነበር። አባዬ ሴቷን በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ መስታወት ገንዳው ውስጥ ፊቱ ሲያስቀምጣት፣ አቤት የነዛው ጉራ! ክንፉን ነፋ፣ ተሽከረከረ፣ ከዚያ ውሃው ላይ አረፋ እየተፋ ጎጆ ይሠራ ጀመር። እኔ ትምህርት ቤት ውዬ ስመጣ ቦርሳዬን ሳላወርድ መጀመሪያ የማየው ያንን አረፋ ነበር።

ሴቷን ከፕላስቲኩ በለቀቅናት ዕለት፣ አባዬ ወዲያው ቲማቲም ሊገዛ ወርዶ ነበር። ወንዱ ተጠመጠመባትና ነጫጭ እንቁላሎች እንደ ስኳር ቁልቁል ወረዱ። ደስታዬ! ወዲያው ግን ወንዱ ተወርውሮ እየተከተለ በአፉ ይለቅማቸው ጀመር። በላቸው! ይሄ አረመኔ ልጆቹን በላቸው! መረቡን አንስቼ አወጣሁትና ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩት። እናትየዋን ትጠብቃቸው ብዬ እዚያው ተውኳት። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ አባዬን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

እሱ ሲመጣ የእናትየዋ ሆድ ተነፍቶ፣ አንድም እንቁላል አልቀረም።

"እየለቀመ ጎጆው ውስጥ ሊያስቀምጣቸው ነበር እኮ፣ ልጄ። የምትበላው እሷ ናት፤ የሚጠብቀው አባትየው ነው።" ፌስታሉን መሬት አስቀምጦ ሳቀ። "ለመሆኑ እኛ ቤት ማን ነው የሚጠብቅሽ?"

ለቀልድ ነበር ያለው። እኔ ግን ፊቴ ጋለ፤ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ሞከርን። እማዬ ከሥራ ገብታ ሙቀቱ ሲቀበላት "ኸላስ፣ በቃ! እኔ ልቀቀል ነው?" ትላለች። አባዬ "ሦስት ቀን ብቻ፣ እመቤቴ" እያለ በካርቶን ያራግባታል። በዚህኛው ጊዜ እንቁላሉን እንደጣለች ሴቷን አወጣን። ወንዱ ምግብ ረስቶ ከጎጆው ሥር አልንቀሳቀስም አለ። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አረፋው ሥር ጭራ ብቻ የሆኑ ነገሮች ተንጠልጥለዋል! አንዱ ሲወድቅ ወንዱ በአፉ ይዞ መልሶ ይሰቅለዋል፤ ሌላው ይወድቃል፣ እሱንም ይመልሳል።

እንዴት ልቻል! ውሸቴንም ምኑንም ረስቼ፣ ደረጃውን እየዘለልኩ ሰሚራ ቤት ሮጥኩ። "ያላ ነይ! ተወለዱ!"

በሩን የከፈተልን አባዬ ነው። ሽርጥ ታጥቆ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ማማሰያ ይዟል። ሰሚራ አየችው፣ እኔን አየችኝ። "አባትሽ ዛሬ ፋብሪካ አልገባም እንዴ?"

አባዬ ማማሰያውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ፤ ሁሉም እንደገባው ገባኝ። ዛሬ ዕረፍቱ ነው ብል ያልፍ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ያ ቀይ ዓሣ አሁንም የወደቀ ልጁን ይለቅማል።

"ፋብሪካ አይሠራም። ውሸቴን ነው" አልኳት። "እኔን ነው የሚያሳድገኝ።"

ሰሚራ "ታድለሽ፣ የኔ አባት የሚገባው ከተኛሁ በኋላ ነው" አለችና አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። በቃ፣ ይኸው ነበር! አባዬ ወደ ማድቤት ተመለሰ። የዚያን ቀን ወጡ ጨው በዝቶበት አልበላ አለን፤ እሱ ጨው ሁለት ጊዜ ሲጨምር ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን እኔም እዚሁ ሪያድ ነርስ ነኝ። ዛሬ ሰው የዓሣውን ውሃ ሙቀት በስልኩ ያስተካክላል ይባላል፤ ለዓሣ ብሎ የሚያልበው ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። አባዬ ባለፈው ወር በዚያራ፣ በጉብኝት ቪዛ ከአገር ቤት መጣ፤ እኔ ሥራ ስገባ የአራት ወር ልጄን የሚይዝልኝ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል። አባዬ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ልጄን ደረቱ ላይ አስተኝቷታል።

"ይበርዳታል ብዬ ነው ሙከይፉን ያጠፋሁት" አለኝ በሹክሹክታ። "ሞቀሽ? ላብራልሽ?"

"ተወው አባዬ" አልኩት። ጫማዬን አውልቄ ጎኑ ቁጭ አልኩና በፎጣው ጫፍ ግንባሩን ጠረግኩለት።