የወረሱት ክፉ ስም

ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል። የኢንተርኔት ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋም ለድርጅቱ ደንበኞች ኢሜይል ለሚልክ ኮምፒውተር ሁሉ የጸባይ ነጥብ መስጠት ነው። ላኪው ስንት ደብዳቤ በአንዴ እንደበተነ፣ ስንቱ ወደሌለ አድራሻ እንደሄደ፣ ስንት ሰው «ይሄ ቆሻሻ ነው» ብሎ እንደከሰሰው ትደምርና ከዜሮ እስከ መቶ ታስቀምጠዋለች። ከሠላሳ በታች የወረደ ላኪ ደብዳቤው ለተቀባዩ አይደርስም። ነጥቡ የሚሰላበትን ሰንጠረዥ ከባዶ ያበጀችው ራሷ ስለሆነች ትኮራበታለች። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ስታኮርፈው «ዛሬ ስንት ላይ ወረድኩ?» እያለ ይቀልድባታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት አሮጊት አዋላጅ እንግዳ መቀበያው ድረስ መጥተው፣ ስማቸውን ያጠፋውን ሰው ካላዩ እንደማይነሱ ተናግረው ቁጭ አሉ። የአንድ ትንሽ ክሊኒክ ኃላፊ ናቸው። ለእናቶች የልጆቻቸውን የክትባት ቀን በኢሜይል ያስታውሳሉ። ከወር ወዲህ ግን አንድም ደብዳቤ አልደረሰም፤ እናቶቹም ቀኑን እያሳለፉ ነው። ሚዛን ወርዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳዋልድ ቀጣፊ ያለኝ ሰው የለም» አሏት። «የናንተ ማሽን ግን ቀጣፊ አለኝ።»

ወዲያው አላመነቻቸውም። እንዲህ ያለ አቤቱታ ይዞ የሚመጣው አብዛኛው ሰው እውነትም ጥፋተኛ ነው። ቢሆንም ዝም ብሎ መመለሱ ከበዳትና ይዛቸው ወጣች፤ ወንበር ስባ ከጎኗ አስቀመጠቻቸውና መዝገቡን ወደ ኋላ ፈተሸች። ክሊኒኩ የኢንተርኔት መስመር የቀየረው ከወር በፊት ነው። የደረሰው የኢንተርኔት ቁጥር፣ ማለትም ሰንጠረዡ ላኪውን የሚለይበት መታወቂያ፣ ቀድሞ የውሸት የክብደት መቀነሻ ክኒን በሚሸጥ ሰው እጅ ነበር። ሰውየው ቁጥሩን ጥሎ ጠፍቷል፤ ነጥቡ ግን አራት ላይ እንደተጣበቀ ቀርቷል። አዋላጇ ሌባ የለቀቀው ቤት እንደገባ ተከራይ ሆነዋል።

ሚዛን ፊቷ ጋለ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ» አለች። «ሰንጠረዡን መርሳት አላስተማርኩትም።»

የክሊኒኩን ነጥብ በእጇ አስተካክላ ሸኘቻቸው። እንደሳቸው ያለው ስንቱ ይሆን የሚለው ሐሳብ ግን አላስቀምጥ አላት። የቆየ ጥፋት በየሳምንቱ በግማሽ እየቀለለ ይሂድ ብላ አለቃዋን ስታማክረው፣ አጭበርባሪዎቹ ትንሽ አርፈው ይመለሳሉ ብሎ ሰጋ። እውነቱን ነበር። ስለዚህ ተመልሶ ያጠፋ ላኪ ነጥቡ በእጥፍ እንዲወርድ አደረገች፤ ያለፉትን ስድስት ወራት ደብዳቤዎችም በአዲሱ ስሌት አሳልፋ ሞከረችው። ሁለቴ አበላሽታ እንደገና ጀመረች። ሥራ ላይ ሲውል በመጀመሪያው ሳምንት ቆሻሻው ትንሽ ጨመረ፤ አለቃዋም ፊቱን አጠቆረባት። በሦስተኛው ከቀድሞውም አነሰ፤ ያለጥፋታቸው ታግደው የነበሩ አርባ አንድ ላኪዎችም ተለቀቁ።

አዋላጇ ደውለው መጥተሽ እዪ አሏት። በክትባት ቀን ክሊኒኩ ስትደርስ አግዳሚዎቹ ማስታወሻው በደረሳቸው እናቶች ሞልተዋል፤ መርፌ የቀመሰውም ያልቀመሰውም ልጅ እኩል ያለቅሳል። አንዲት እናት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላትና ስንተኛ ልጇን እንዳመጣች ጠየቀቻት። ሚዛን ለማየት ብቻ እንደመጣች ነግራት ተቀመጠች። ወረፋው እስኪያልቅ አልተነሳችም፤ ጩኸቱ ደስ አሰኛት።